ብቸኛ አከፋፋይ

«አንድ በአንድ ነው የምነግርህ፤ አታጣድፈኝ» የሚለው የእናቷ ድምፅ በቺፕውዱ ግድግዳ አልፎ መጣ። ሐዳሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። እናቷ ስልኩን ከዓይኗ ለማራቅ ክንዷን እስከ ጫፍ ዘርግታ፣ አገጯን ወደ ኋላ ሰብስባ እንደያዘችው ሳታይም ታውቃለች። ስኳሩ ዓይኗን ካደከመው ወዲህ እንደዚህ ነው የምታነበው። እያንዳንዱን ቁጥር መጀመሪያ ለራሷ በሲዳሙ አፎ ታንሾካሹከዋለች፤ ከዚያ በአማርኛ ጮክ ብላ ትናገረዋለች። «ሌ... ስድስት። ሰቴ... ስምንት። ባዶ። ባዶ ነው ያልኩህ፣ ልጄ።» ዜሮን ባዶ ነው የምትለው። ቁጥሩ ሲያልቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሐዳሳ ታውቃለች አይደል?» ብላ ጠየቀች። ወንድሟ ዮፍታሄ በወዲያኛው ጫፍ ምን እንደመለሰ አልተሰማም። «እሺ፣ ተባረክ» አለች እናቷ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሐዳሳ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። በዚያ ቤት ቁጥር የማይነበብበት ቀን ጥቂት ነው። እሷና ወንድሟ የሚሸጡት ጌም በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ከኢንተርኔት ይገዛል፤ የተገዛው ሁሉ በአንድ አካውንት ውስጥ ይቀመጣል፤ አካውንቱን የያዘ ጌሞቹን ያዘ ማለት ነው። የከተማው ጌም ቤቶች ማጫወቻዎቻቸውን እያመጡ በዚያ አካውንት ያስከፍታሉ፣ በየወሩም ይከፍላሉ። አካውንቱ ውስጥ አንድ ነገር በተነካ ቁጥር ግን ባለቤቱ መሆኑን ለማረጋገጥ በተመዘገበው ስልክ ላይ ኮድ ይላካል። ሥራውን አብረው ሲጀምሩ ዮፍታሄ ሲም ካርድ እንደ ካልሲ ይቀያይር ነበር፤ የሐዳሳን ስልክ ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ ሰርቀዋታል። ከቤቱ ሁሉ ተለውጦ የማያውቀው፣ አባታቸው ሳይሞት ያወጣላት የእናታቸው ቁጥር ብቻ ነበርና አካውንቱ በእሱ ተመዘገበ። በኋላ ዮፍታሄ ኤደንን አግብቶ የራሱን ሱቅ ሲከፍት ሱቁ ሁለት ሆነ፣ አካውንቱ አንድ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ከእሱ ይሸጣሉ፤ ኮድ ሲያስፈልጋቸው ሁለቱም እናታቸው ጋ ይደውላሉ። እናታቸው ኮዱ ምን እንደሚከፍት አታውቅም። አንድ ቁጥር ተሳስታ እንደማታውቅ ግን ታውቃለች። ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿም «እኔም እኮ የልጆቼ ሱቅ ሠራተኛ ነኝ፤ ደመወዝ ብቻ ነው የሌለኝ» ትላቸዋለች።

ስትወጣ እናቷ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። ዓርብ ስለሆነ ጾም ጸሎት አለ፤ ጾሙን ሐኪም ቢከለክላትም ጸሎቱን አታስቀርም። ፍሪጁ ላይ፣ በዳንቴል ጨርቅ ላይ፣ ስልኳ ቻርጅ ተሰክቶ ቆሟል። ፍሪጁን የገዛው ዮፍታሄ ነው። ከዚያ በፊት የኢንሱሊኑ ብልቃጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ እርጥብ አሸዋ በሞላው ማሰሮ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፤ በበጋ እናታቸው ሌሊት እየተነሳች አሸዋውን በእጇ እየዳበሰች መቀዝቀዙን ታረጋግጥ ነበር። መድኃኒቱንም ከግል ፋርማሲ የሚገዛው እሱ ነው፤ ሐዳሳ የምትችለው የቤት ኪራዩን፣ ሽንኩርትና ዘይቱን ነው። «ዛሬ ስልኬን አጥፍቼ ነው የምገባው» አለች እናቷ። «ባለፈው በጸሎት መሃል ጮኾብኝ ፓስተሩ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጥር ከፈለጋችሁ ከሰዓት ጠብቁኝ።»

የሐዳሳ ሱቅ መናኸሪያ አጥር ሥር፣ በሻንጣ ሻጭና በባትሪ ጠጋኝ መካከል የተሰነቀረች ክፍል ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። አንድ ኮምፒውተር፣ ሽቦዎች የተንጠለጠሉበት ሚስማር፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ ግድግዳው ላይ እርጥበት ያበላሸው የኳስ ተጫዋች ሥዕል አለ። ኪራዩ በመስከረም ከሰባት ሺህ ወደ አሥራ አንድ ሺህ ወጥቷል። ቀኑን ሙሉ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ አንድ ሰው!» የሚለው የረዳቶች ጩኸት በቆርቆሮው በር ይገባል፤ መጀመሪያ ሰሞን ራሷን ያሳምማት ነበር፤ አሁን ዝም ሲሉ ነው የምትደነግጠው። ዮፍታሄ ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ጋር መዋዋሉን የሰማችው እዚህ ቁጭ ብላ ከደንበኞቿ ነው። ለሐዋሳ ብቸኛ አከፋፋይ ሆኗል አሏት፤ የዘንድሮው የኳስ ጌም ከእሱ ሱቅ ሌላ የትም አይገኝም። ባለፈው እሑድ እናታቸው ቤት አብረው ምሳ በሉ፤ ስለ ዶሮ ዋጋና ስለ ኤደን እርግዝና አወሩ። እሱ ውሉን አላነሳም፤ እሷም አልጠየቀችም። እናታቸው ለሁለቱም እኩል እንዲደርስ ሥጋውን በማንኪያ ስታካፍል ሁለቱም ሳህኖቻቸውን ያዩ ነበር። ሐዳሳ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና፣ አዲሱ ቢቀርብኝ አሮጌዎቹ አሉኝ፣ ድሃ ጌም ቤት በአሮጌውም ይጫወታል ብላ ራሷን አጽናናች።

ሱቁን ከፍታ ማራገቢያውን ሳታበራ ኦሊያድ በሩን ሞላው። አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ሦስት ስክሪን ያለው ጌም ቤት አለው፤ ገና ስትጀምር የመጀመሪያ ደንበኛዋ እሱ ነበር።

«አንቺ፣ ጌም ቤቴን የጸሎት ቤት አደረግሽው እኮ! ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ጆይስቲክ ታቅፎ ቁጭ ብሏል።»

«መብራት ጠፋ?»

«መብራትማ አለ። ጌሞቹ ናቸው የተቆለፉት። አንድ በአንድ፣ ሁሉም ላይ የቁልፍ ምልክት። አንዱማ አምስት ለባዶ እየተሸነፈ ነበር፤ ‹ኢየሱስ ደረሰልኝ› ብሎ ሳይከፍል ወጣ።»

እየሳቀች ኮምፒውተሩን ከፈተች። የይለፍ ቃሉን ጻፈች፤ ተሳስተሻል አላት። ጣቶቿን በቀሚሷ ጠርጋ ቀስ ብላ ደግማ ጻፈች። ከዚያ ኢሜይሉን አየች። የይለፍ ቃሉ ዛሬ ጠዋት ተቀይሯል፤ ያልታወቁ ማጫወቻዎች ሁሉ ወጥተዋል፤ ለደኅንነት ሲባል እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌላ ለውጥ ማድረግ አይቻልም ይላል። በዚያው ቅጽበት «ሌ... ስድስት» የሚለው ድምፅ በጆሮዋ ተመለሰ። ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጣ ሰምታዋለች። እናቷ ሱቋን አንድ በአንድ፣ ሳትሳሳት፣ አንብባ ስትሰጥ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ምነው ፊትሽ?» አለ ኦሊያድ።

«ምንም። ሂድ፣ እደውልልሃለሁ።»

«እማማ ተዋበች ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።» ስልኳን አንስታ እናቷ ጋ ደወለች። ዝግ ነበር።

የዮፍታሄ ሱቅ በሰፊው አስፋልት ላይ፣ በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። የመስተዋቱ በር ሲከፈት ቀዝቃዛ አየርና የቀለም ሽታ ፊትን ይመታል። ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ የሸፈነው የአዲሱ ጌም ማስታወቂያ ነው፤ የድርጅቱ ምልክት ያለባቸው ቢጫ ካናቴራዎች በላስቲክ እንደታሸጉ ባንኮኒው ላይ ተከምረዋል። ኤደን አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሒሳብ ትቀበል ነበር። «ሐዱዬ፣ ምሳ በላሽ?» አለቻት። ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት አልሆነም። ሐዳሳ በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ክፍል አለፈች። ዮፍታሄ የማታውቀው ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ አንገትጌው ላይ ዋጋው የተሰካበት ትንሽ ክር ገና አልተቆረጠም። ልትቆርጥለት እጇ ተነሳ፤ መለሰችው።

«የጠዋቱ ቁጥር ለምን ነበር?»

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ ይመቸኛል።»

ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም። «ውሉ እንዲህ ነው የሚለው፣ ሐዱ። ብቸኛ ማለት ብቸኛ ነው። ከተማው ውስጥ ሌላ ሰው ሲሸጥ ካገኙ ውሉን ያፈርሳሉ። ሌላ ሰው ብለው መጀመሪያ የጠሩት ስም ደግሞ ያንቺ ነው።»

«አዲሱን ብቻህን ሽጥ። ማን ከለከለህ? አሮጌው የጋራችን ነው። ግማሹን የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«አሮጌው ካለ አዲሱን ማን ይገዛል? እነሱም ያሉት ይኼንኑ ነው። አካውንቱን አስረክብ አሉኝ። ማታ ቁጥሩን ወደነሱ ስልክ አዛውረዋለሁ፣ በቃ ያልቃል።»

 ከዚያ ንግግሩን አፈጠነ። እሱ እምቢ ቢል ለአብዲ ሊሰጡት ነበር አለ፤ አብዲ አዲስ ከተማ ውስጥ አራት ሱቅ ያለው፣ ገንዘብ የማይቸግረው ሰው ነው፤ ያኔ እሷም እሱም አይኖሩም፤ ከሁለት አንድ መትረፍ ይሻላል፤ ልጅ ሊወለድ ነው፤ የእማዬ መድኃኒት እንደድሮው ዋጋ መስሏት ከሆነ ሄዳ ትጠይቅ። ይህን ሁሉ የሚናገረው ከዚህ በፊት ለራሱ ብዙ ጊዜ እንደነገረው ሰው ነበር፤ የት ላይ መተንፈስ እንዳለበት ያውቃል። «ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ግቢ። ደመወዝ አለሽ። ካናቴራ እንኳ በልክሽ አስቀምጬልሻለሁ» አለ።

«እማዬን ምን አልካት?»

«አብረን ነን አልኳት።»

«በእናታችን አፍ ነው የዘረፍከኝ፣ ዮፌ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ነበሩ። «ንገሪያት እንግዲህ» አለ። «ግን የጋሼ ማቴዎስን ውሃ አትርሺ።»

አልረሳችም። ጋሼ ማቴዎስ አጎታቸው ነው። አባታቸው ሲሞት ገጠር የቀረውን የቡና መሬት ከማንም ሳይማከር ሸጦ ለራሱ ቤት ሠራ። እናታቸው አልከሰሰችውም፤ ሽማግሌም አልላከችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከቤቱ ውሃ እንኳ ቀምሳ አታውቅም። ሚስቱ ስትሞት ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች፤ የምትጠጣውን በላስቲክ ጠርሙስ ከቤቷ ይዛ እየሄደች። ቀማኛ ያቀረበው ምግብ ሆድ ውስጥ ይመሰክራል ትላለች። ዮፍታሄ ያደረገውን ካወቀች አትጮኽም፣ አትረግመውም። ፍሪጁን አትከፍተውም፤ በቃ። ማሰሮዋን አውጥታ አሸዋ ትሞላለች፤ ማሰሮው ውስጥ የምታስቀምጠውን ግን ማን ይገዛላታል? ሐዳሳ ይህን አስባ ስታበቃ ወንድሟ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ነበር። ቀድሞ አስቦበት እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።

ስትወጣ ኦሊያድ ባንኮኒው ጋ ቆሟል። አንዱን ማጫወቻ በፌስታል አድርጎ በብብቱ ይዟል። ኤደን የምትሰጠውን ወረቀት ሊፈርም እስክሪብቶ አንስቶ ሳለ ሐዳሳን አያት፤ እስክሪብቶውን እንደ ሲጋራ ከጀርባው ደበቀው።

«ምን ላድርግ እህቴ» አለ፤ «ልጆቹ የሚጠይቁኝ አዲሱን ነው። ሦስት ጥቁር ስክሪን ይዤ ምን እሠራለሁ?»

«ምንም አላልኩህም፣ ኦሊያድ።»

«በኔ ቤት ደንቡን ታውቂያለሽ፤ ተሸናፊ ይከፍላል...» ከአፉ ሲወጣ ቀልድ ሊሆን ነበር፤ ሲደርስ ግን አልሆነም። አንገቱን አከከ። ኤደን ማኅተሙን አንስታ ወረቀቱ ላይ መታች።

ሱቋ ተመልሳ ቀኑን እዚያ ዋለች። የጌም ቤት ባለቤቶች እየደወሉ ጠየቁ፤ መጀመሪያ እየተሳደቡ፣ በኋላ ለስለስ እያሉ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ መደወሉን ተዉት። ይህ የመጨረሻው ነው የከበዳት። ባትሪ ጠጋኙ ሻይ ላከላት፤ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ። ማድረግ የምትችለውን ግን ታውቅ ነበር፤ ቀላልም ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አካውንቱ ለሁለቱም እኩል ይከፈታል። ቁጥሩ ገና የእናቷ ነው። ከወንድሟ ቀድማ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን ከነካች ኮዱ ፍሪጁ ላይ ወዳለው ስልክ ይመጣል፣ እሷም ከጎኑ ትሆናለች። ቁጥሩን ወደ ራሷ ታዛውራለች። ነገ ጠዋት የኦሊያድ ስክሪኖች በእሷ እጅ ይበራሉ፤ የዮፍታሄ ውል ይፈርሳል፤ ቢጫዎቹ ካናቴራዎች በላስቲካቸው እንደታሸጉ ይመለሳሉ። በባጃጅ ቤታቸው ወዳለበት ወደ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ስትሄድ ይህን ደጋግማ እንደ ጥቅስ በቃሏ ያዘችው። ለእናቷ ምንም መንገር አያስፈልግም፤ ኮዱን ማየት ብቻ ነው። በሰው ስልክ አይደለም፣ በራሷ እናት ስልክ ነው። ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛው ነበር።

እናቷ ከጸሎት ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ደክሟል፤ ግን እንደ ጸሎት ቀን ሁሉ ለስልሷል። ሐዳሳ እጇን ታጥባ ፍሪጁን ከፈተች፤ ብልቃጡን አወጣች። ከእራት በፊት መርፌውን የምትወጋት እሷ ናት፤ የእናቷ ዓይን በስሪንጁ ላይ ያሉትን መስመሮች ካላየ ቆይቷል። መድኃኒቱን በብርሃኑ በኩል አንስታ ለካች፤ አየሩን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አወጣች። ብልቃጡ አዲስ ነው፤ ትናንት ነው ዮፍታሄ ያመጣው። የእናቷን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ሰብስባ ወጋቻት። እናቷ እንደ ሁልጊዜው ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር።

«ዛሬ መሰከርኩ» አለች ወደ መስኮቱ እንደዞረች።

«ምን ብለሽ?»

«ስለናንተ ነዋ። ጠዋት ዮፍታሄ ሲደውል፣ ነገሩ ትልቅ ነው እማዬ፣ ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር ነው አለኝ። ሐዳሳ ታውቃለች አይደል ብዬ ጠየቅኩት። አብረን ነን አለኝ። እውነቴን ነው፣ እሑድ ስታኮርፉ አይቼ ፈርቼ ነበር። አባታችሁና ማቴዎስም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያደረጉት፤ ሳህን ሳህን ማየት። ዛሬ ቆሜ፣ ልጆቼን አንድ ያደረገ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ።» ዞረች። ዓይኗ የሐዳሳን ፊት ፈልጎ ከአፍንጫዋ ትንሽ ከፍ ብሎ አረፈ። «አብራችሁ ናችሁ አይደል?»

ሐዳሳ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አስቀምጣው ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። «ኮድ ላክ» የሚለው ሰማያዊ ሳጥን እያበራ ይጠብቃል። በአንድ እጇ የተጠቀመችበትን ስሪንጅ ይዛለች፤ ሌላው እጇ ነፃ ነው። እናቷ መልሱን ለመስማት አፏን በትንሹ ከፍታ ጠበቀች፤ ቁጥር ስታነብ እንደምታደርገው።

«አብረን ነን፣ እማዬ» አለች ሐዳሳ። ስልኳን በፊቱ ደፋችው።

ወዲያው ፍሪጁ ላይ ያለው ስልክ ተንጫጫ፤ መልእክት ነበር። ትንሽ ቆይቶ መጥራት ጀመረ። እናቷ ልትነሳ ሞከረችና ተመልሳ ተቀመጠች። «እሱ ነው። ዛሬ ዓይኔ ጭራሽ ደክሟል፤ አንቺ አንብቢለት» አለች። «አንድ በአንድ ንገሪው፤ ሲቸኩል ይሳሳታል።»

ሐዳሳ ስልኩን ከቻርጁ ነቅላ አነሳች።

«እማዬ፣ ደረሰ?» አለ ዮፍታሄ።

«ሁለት» አለች።

በወዲያኛው ጫፍ የሱቁ ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ይሰማል። «ሐዱ...» አለ በቀጭን ድምፅ፤ ልጅ እያሉ አጥር ሲያዘልላት እንደሚጠራት።

«ዘጠኝ።»

«ሐዱ፣ ስሚኝ እስኪ—»

«አንድ። አራት።» እናቷ ሶፋው ላይ ሆና እያንዳንዱን ቁጥር በከንፈሯ ትከተላለች። «ስድስት።» የመጨረሻው ዜሮ ነበር። ሐዳሳ ወደ እናቷ አየች።

«ባዶ» አለች።

እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ተሰማት፤ ወይም መሰላት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ማን ቀድሞ እንደዘጋው አላወቀችም። ወዲያው ሌላ መልእክት ገባ፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህ ቁጥር ከአካውንቱ ተነሥቷል፣ ከእንግዲህ ኮድ አይላክበትም ይላል። አንብባ ስታበቃ አጠፋችው።

«ተግባባችሁ?» አለች እናቷ።

«ተግባባን።»

«ተባረኩ።» ነጠላዋን አውልቃ በአራት አጠፈችው፤ እግሮቿን ሶፋው ላይ አነሳች። ሐዳሳ ስሪንጁን ክዳኑን መልሳ ያገለገሉ መርፌዎች የሚጠራቀሙበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣለች፤ ብልቃጡን ፍሪጁ በር ላይ ካለው ቦታው መለሰች። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ በዳንቴሉ ላይ ስታቆመው እናቷ እንደገና ጠራቻት።

«እዚህ አምጪልኝ፣ ራስጌዬ ይሁን። ድምፁንም ከፍ አድርጊው። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ይበዛባችኋል፤ ስትደውሉ እንዳያመልጠኝ።»

ሐዳሳ የቻርጁን ገመድ እስከ ሶፋው ሳበችው። ስልኩን ከእናቷ ትራስ አጠገብ አስቀመጠችና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።